የግራጫው ዱቄት ምስክር

በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፋ መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ጥምጥም ነበር። ከውጭው ፀሐይ በኋላ ዓይኔ ሌላውን ነገር ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ጥምጥሙ በቀኝ በኩል ከግድግዳው ሥር ሳይንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ቀስ እያለ ከበታቹ ፊት ወጣ፤ የማውቀው ፊት ሆነ።

«መጣህ?» አሉኝ የኔታ፣ ከመንገድ ወደ ቤት የተመለስኩ ይመስል። «ምሳ በልተሃል?»

የኔታ በሰቆጣ ከተማ ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ያከራዩኝ መሪጌታ ናቸው። በዚያው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ዳስ፣ ለተማሪዎቻቸው ዜማ ያስተምራሉ። እኔ በዩኒቨርሲቲ የቁሳቁስ ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። ለጥናቴ የሚሆን ጠንካራ ድንጋይ ከውኃ ጉድጓድ ቁፋሮ ቦታዎች ለመሰብሰብ ወደ ጽጽቃ ስሄድ የቆርቆሮ ሳጥኔን ለየኔታ አደራ ሰጥቼ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ግራጫ ዱቄት የያዙ ብልቃጦችና ከዚያው ዱቄት በእሳት የተሠሩ፣ አዝራር የሚያካክሉ ጠፍጣፋ ቁራጮች ነበሩ። ቁራጮቹን ከድንጋዩ ጋር እያፋተግሁ ምን ያህል እንደሚያልቁ ልለካ ነበር ሐሳቤ። እኔ በሌለሁበት ቤቱ ተፈተሸ። ሳጥኑን ያነሣው ፖሊስ ከመጠኑ በላይ ስለከበደው ጠረጠረ። «የማን ነው?» ሲባሉ የኔታ «አደራ ነው» አሉ፤ ከዚህ ሌላ አልጨመሩም፤ ይዘዋቸው ሄዱ። እኔ ደግሞ ድንጋይ የተሞላ ቦርሳ ተሸክሜ ከሚኒባሱ ስወርድ መናኸሪያው ላይ ተያዝኩ። ቦርሳውን የተቀበለኝ ፖሊስ «ቤት ልትሠራ ነው?» አለኝ። ሌላ የተባባልነው ነገር የለም።

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቱ ከወጣ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም ሽታው ከግድግዳው አልወጣም፤ ቀትር ላይ ጣሪያው ሲግል ዓይን ያቃጥላል። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው እየተንጣጣ ይለጠጣል፣ ደመና ሲመጣ ይሰበሰባል፤ ሰዓቱን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነበር። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ብርሃኗ ወለሉ ላይ እንደ ሳንቃ ተጋድማ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ትሄዳለች፤ ሰዎችም አብረዋት ቦታ ይቀያየራሉ።

በክፍሉ ልማድ አዲስ የገባ ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ማን እንደሆነና በምን እንደተጠረጠረ ይናገራል። የክፍሉ አለቃ፣ እስረኛው ራሱ የመረጠው፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። የተጠረጠረው ማንነቱን የማያውቀውን ተሳፋሪ በማድረሱ ነው።

«ስሙኝ» አልኩ። «ለታጠቁ ሰዎች የሚሆን ቁሳቁስ አዘጋጅተሃል ተብያለሁ። እኔ ግን የማጠናው፣ ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ንጥረ ነገሮች ጥቂቱ በጠንካራ ካርባይድ ውስጥ ሲጨመር በእሳት ጊዜ የሚያሳየውን ጠባይ ነው።»

ሾፌሩ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «ወንድሜ፣ በአማርኛ ንገረን እንጂ!»

«በአማርኛ ነው የነገርኩህ።»

«እንግዲያውስ አማርኛም ታስሯል ማለት ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። የኔታም በጥምጥማቸው ሥር ፈገግ አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ሰጡኝ።

ስለ ሳጥኑ አንዳች ነገር አልጠየቁኝም። ያስጨነቃቸው ሌላ ነበር፤ እኔም አውቀዋለሁ። ጦርነቱ በነበረበት ዘመን ተማሪዎቻቸው ተበትነው ነበር። ሰላም ሲሆን የኔታ ዱላቸውን ይዘው ከዝቋላ እስከ አበርገሌ በየወላጆቻቸው ደጃፍ እየቆሙ ሰብስበዋቸዋል። አሁን መምህር የሌለበት ጉባኤ እንደ አውራ የሌለው ቀፎ ነው። የተማሪውን ድምፅ የሚያርም ከሌለ ዜማው ይበላሻል፤ በዚህ ላይ የሰፈሩ ሰው ለተማሪ ቁራሽ የሚሰጠው መምህሩን እያየ ነው። ከተማሪዎቹ የሚበልጠው፣ ጢሙን ያሳደገ ዲያቆን፣ ምግብ ይዞ በር ላይ በመጣ ቁጥር በዘቡ በኩል የሚልከው ቃል እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ «በርትተን እየቀጸልን ነው» ነበር፤ ትምህርቱን በቃል እየደገምን ነው ማለቱ ነው። ኋላ «እየጠበቅን ነው» ሆነ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንድ ጠዋት እኔና የኔታ አብረን ወደ መርማሪው ተጠራን። መርማሪው የአገሩ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው። የኔታ ሲገቡ ከወንበሩ ተነሣ። የመነሣቱ ነገር ከቦታው ጋር አለመሄዱ ቆይቶ ትዝ ያለው ይመስለኛል፤ ሆኖም እሳቸው እስኪቀመጡ ድረስ አልተቀመጠም። ሳጥኔ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ኢንጂነር» አለኝ፣ «ከዚህ ነገር ጥቂቱ ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ ተልኳል። መልሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። እስከዚያው ለበላዮቼ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ያንተን ቃል ብጽፍ የተጠርጣሪ ቃል ነው፤ ማንም አያምነውም።» ወደ የኔታ ዞረ። ድምፁ ዝቅ አለ። «እርስዎን ግን አገር ያምንዎታል። ‹ይህን ነገር አውቀዋለሁ፣ ምንም ጉዳት የለውም› ይበሉኝ። እጽፋለሁ፤ ይፈርማሉ፤ ዛሬውኑ ከጉባኤዎ ይገባሉ። ለእሱም ይቀልለታል።»

«አላውቀውም» አሉ የኔታ።

«አደራ ተቀብለውታል እኮ!»

«የተቀበልኩት ሳጥን ነው። የውስጡን አልተማርኩም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ የኔታ?»

የኔታ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «የሚያውቀው እዚሁ አለ። ልማርና እመልስልሃለሁ።»

መርማሪው መሳቅና መቆጣት እኩል መጡበት። «ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንደ መምህሩ ነው።»

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ይህ መልስ ብልጠት ወይም ጊዜ መግዣ ሊመስል ይችላል። እንዲያ አልነበረም። በዚያ ሥርዓት ሰው በሰማው አይመሰክርም። ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ሳያጎድልና ሳይጨምር ይመልሳል፤ መምህሩ «እለፍ» ካለው በኋላ ብቻ ቃሉ ቃል ይሆናል። ዕድሜ ምንም ቦታ የለውም። ጢማቸው የሸበተ ቀሳውስት ከወጣት መምህር ፊት ወለል ላይ ተቀምጠው ይቀጽላሉ፤ ወጣቱንም የኔታ ይሉታል።

ስለዚህ በማግስቱ ጸሎታቸውን እንዳደረሱ የሆነው ነገር ለእሳቸው እንግዳ አልነበረም። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ብርድ ልብሳቸውን አራት እጥፍ አጥፈው ብርሃኗ ከወደቀችበት ቦታ አነጠፉና በዚያ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ባዶው ወለል ላይ፣ ከእኔ ዝቅ ብለው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ይጀምሩ፣ የኔታ» አሉኝ።

«እርስዎ እንዲህ ሲሉኝ አልችልም።»

«እኔ አልሾምኩህም» አሉ። «ወንበሩ ነው። ተቀመጥክበት፤ በቃ። ይጀምሩ።»

ሾፌሩ ከማዶ አጨበጨበ። «ይኸው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ! ምዝገባ አለው ወይስ ዝም ብሎ መግባት ነው?»

«ዝም ብሎ መግባት ነው» አሉ የኔታ ዘወር ሳይሉ። «ዝም ብለህ ግን።»

ጀመርኩ። ከብረት እጅግ የሚጠነክር ተንግስተን ካርባይድ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ድንጋይ የሚበሳው የመቆፈሪያ ጥርስ ከእርሱ እንደሚሠራ ነገርኳቸው።

«ብየዳ ቤት ውኃ ሲነካው የሚንተከተከው ካርባይድ ነው?» አለ ሾፌሩ። ዝም ማለቱ አልሆነለትም።

«አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ይህ ውኃ ቢነካው ምንም አይሆንም።»

«ውኃ ቢነካው ምንም አይሆንም» አሉ የኔታ ቃሌን ተቀብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ በዝግታ እያሳረፉ። «ይቀጥሉ።»

ካርባይዱ ብቻውን ዱቄት መሆኑን፣ የሚያያይዘው ሌላ ማዕድን፣ ኮባልት፣ እንደሚያስፈልገው አስረዳሁ። ሁለቱ ተደባልቀው፣ በቅርጽ ተጨምቀው፣ አየር ወደሌለበት ምድጃ ይገባሉ። እሳቱ ሲበረታ ኮባልቱ ይቀልጣል፤ ካርባይዱ አይቀልጥም። የቀለጠው በቅንጣቶቹ መካከል እየሰረገ ያረጥባቸዋል፣ ይስባቸዋል፤ ቁራጩ ይኮማተራል፣ በውስጡ የነበረው ባዶ ቦታ ይዘጋል።

«ጧፍ ሲሠራ ሰሙ በጥጡ መካከል እንደሚሰርግ?»

«እንደዚያው ነው።»

«ጥጡ ግን በሰሙ አይሟሟም። የእርስዎስ?»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። «የእኔ በጥቂቱ ይሟሟል» አልኩ። «ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ትንንሾቹ ቅንጣቶች በቀለጠው ኮባልት ውስጥ ይሟሙና መልሰው ከትልልቆቹ ላይ ያርፋሉ። እሳቱ በቆየ ቁጥር ትልልቆቹ ይበልጥ ይተልቃሉ፤ ትንንሾቹ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ቁራጩ ጥንካሬው ይቀንሳል።»

«ትልቁ ትንሹን ይበላል።»

«ይበላል።»

«እሱንማ ሳንመዘገብም ተምረነዋል!» አለ ሾፌሩ፤ በዚህ ጊዜ የኔታም ሳቁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥናቴ ልብ ደረስኩ። ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ንጥረ ነገሮች አንዱ ሴሪየም ነው አልኳቸው። ስሙ ብርቅዬ ይባል እንጂ በምድር ውስጥ ያን ያህል አይታጣም፤ ብርቅ ያደረገው ከጎረቤቶቹ ለይቶ ማውጣቱ መክበዱ ነው። የእርሱ ኦክሳይድ ከዱቄቱ ጋር የሚደባለቀው እጅግ ጥቂት፣ ከቁና እህል እንደ ቁንጥር ነው። በእሳቱ ጊዜ ትልልቆቹ ቅንጣቶች ያለ ልክ እንዳያድጉ ያግዳል፤ መጋጠሚያውን የሚያደክመውን ቆሻሻ፣ ድኝ የመሰለውን፣ ይዞ ያስቀራል። ሲበዛ ግን ራሱ ይጓጉላል፣ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቁራጩም በትንሽ ምት ይሰበራል።

ጥግ ላይ ከኒሯቅ አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። አማርኛው ስለሚከብዳቸው አንድ ጎረቤታቸው ወደ ቋንቋቸው ወደ ኽምጣና እየመለሰ ይነግራቸው ነበር። እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ተናገሩ። ጎረቤትየው ተረጎመ፦ «በእኛ ቀበሌ የመቆፈሪያ መኪና መጥቶ ድንጋዩ ላይ ጥርሱ አለቀና ጥሎን ሄደ፤ ሴቶቻችን ዛሬም ወንዝ ነው የሚወርዱት። ስለዚያ ጥርስ ነው የምታወሩት?»

«ስለዚያ ጥርስ ነው» አልኩ።

ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ብርሃኗ ጠጋ አሉ።

የኔታ ትምህርቱን በዜማ አሰሩት። ቅዳሴ አልነበረም፤ እሳቸውም እንዲያ እንዲባል አይፈቅዱም። ነገር በቃል የሚይዙት በዚያ መንገድ ብቻ ስለሆነ ነው። ኮባልቱ ሲቀልጥ ድምፃቸው ይወርዳል፤ ቅንጣቶቹ ሲሰበሰቡ ይጠባል። ሲስቱ እመልሳቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ከቀትር በፊት ክፍሉ ግማሹን በቃል ያውቀው ነበር።

ከዚያ ጠየቁኝ። «እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያ ብርቅዬው የት ይገኛል? ከኮባልቱ ጋር ነው? ከካርባይዱ? ወይስ በድንበራቸው ላይ?»

«ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም» አልኩ። «በኮባልቱ ውስጥ እንደ ጥቃቅን ጨሌ ሆኖ ያገኙት አሉ። በድንበሩ ላይ አገኘነው የሚሉ አሉ። በእሳቱ ጊዜ ወደ ቁራጩ ቆዳ ይጓዛል የሚሉም አሉ።»

«የእርስዎ ዓይን ያየው?»

«ጨሌዎቹን አይቻለሁ። ነገር ግን የጨመርኩትን ሁሉ አያህሉም።»

«የቀረውስ?»

«አላውቅም።»

የኔታ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የቀረውን መምህሬ አያውቅም» አሉ፣ በዚያው ዜማ፣ ከሌላው ቃል ሳያሳንሱት። ለቅጽበት የቀለዱብኝ መሰለኝ። አልነበረም፤ የትምህርቱ ክፍል አድርገው ተቀብለውት ነው። ከዚያ በኋላ ባነሡት ቁጥር አንድም ጊዜ አልዘለሉትም።

«አሁን የመጨረሻውን ይንገሩኝ። ሰው ይጎዳል?»

ወደ መስኮቷ አየሁ። መልሱን አውቃለሁ፤ ዋጋውንም አውቃለሁ። ሾፌሩ ከየኔታ ትከሻ በላይ ራሱን በኃይል ይወዘውዝልኝ ነበር።

«አይፈነዳም» አልኩ። «በብልቃጥ ተዘግቶ እንዳለ ማንንም አይነካም። ነገር ግን ብናኙን ለብዙ ዘመን የተነፈሰ ሰው ሳንባው ይታመማል። በፋብሪካ የሚሠሩበት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናሉ።»

«ኧረ ተው!» ሾፌሩ ግንባሩን መታ። «ይህን ለምን ነገርካቸው?»

«ጠየቁኝ።»

«አየህ፣ አንተንም ለከፉህ!» ተነሥቶ መጥቶ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። ቀልዱ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። «የኔታ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ ይስሙኝ። እዚህ ዱቄቱን የሚተነፍስ ሰው የለም። ‹ጉዳት የለውም› ይበሉና ይውጡ። ማን ይጎዳል? ተማሪዎችዎ እየጠበቁ ነው። መምህር እኮ እርስዎ ነዎት፣ ይህ ልጅ አይደለም።»

«እውነትህን ነው» አሉት የኔታ። «ሳልማረው ‹አላውቅም› ማለት ይበቃኝ ነበር። አሁን እኮ አወቅሁት።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዘቡ ከበር መልእክት አመጣ። ዲያቆኑ እንዲህ ብሎ ልኳል፦ ተማሪዎቹ የቆዳ ልብሳቸውን፣ ደበሏቸውን፣ አንሥተዋል፤ ሌላ መምህር ጋ ሊሄዱ ነው፤ ያለ ስንብት መሄድ ነውር ስለሆነ የየኔታን ፈቃድ ይጠይቃሉ። የኔታ ዘቡን አመስግነው «እስከ ነገ ቀትር ድረስ ይታገሡኝ በልልኝ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና ትምህርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሙኝ። አንድም ቃል አልጎደለም። «ይለፉ» አልኳቸው። ከወለሉ ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ቆሎ ቀርቶልናል፤ ና እንብላ።»

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጠበቀን። የኔታ ለመቀመጥ እምቢ አሉ፤ ምስክርነት የሚሰጠው በመቆም ነው አሉ። ጥምጥማቸውን አጥብቀው ጀመሩ። መርማሪው መጀመሪያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ የሚሰማው ነገር ከየት የመጣ እንደሆነ ለማመን የከበደው ይመስል ነበር። ቀጥሎ አነሣውና እየተከተለ ጻፈ። ኮባልቱ ቀለጠ፤ ቅንጣቶቹ ተሰበሰቡ፤ ትልቁ ትንሹን በላ፤ ብርቅዬው ገባና አገደ። «የቀረውን መምህሬ አያውቅም» ሲሉ መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። ጻፈው።

«አይፈነዳም፤ በብልቃጥ ተዘግቶ እንዳለ ማንንም አይነካም፤ ብናኙን ለብዙ ዘመን የተነፈሰ ግን ሳንባው ይታመማል።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«የኔታ፣ ይህችን ልተዋት?»

«የተማርኩት እንዲህ ነው።»

«እኔም ሰው ነኝ እኮ፣ የኔታ። ‹ይታመማል› የሚል ቃል ከገባ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ወደ በላይ ይሄዳል፤ ዛሬ ልለቅዎ አልችልም። ተማሪዎችዎ በር ላይ ናቸው፤ ስገባ አይቻቸዋለሁ።»

በመስኮቱ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ፤ ገበያተኛ ከበግ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። የኔታ ያ ድምፅ እስኪያልፍ የጠበቁ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ አንተም በልጅነትህ ቀጽለሃል። አንዲት ቃል ብትዘል መምህርህ ያሳልፍህ ነበር?»

መርማሪው ወረቀቱን ተመለከተ። «አያሳልፉኝም ነበር» አለ። «በልምጭ ነበር የሚሉኝ።»

«እንግዲህ ጻፈው።»

ጻፈው። ከፍ አድርጎ ሲያነብላቸው «ሁልጊዜ የተነፈሰ» ብሎ ስለነበር አስቆሙት፤ «ለብዙ ዘመን ነው ያልኩት» ብለው አሳረሙት፤ ከዚያ ፈረሙ። ፊርማቸው ቀስ ያለ፣ ፊደሉ የተሟላ ነበር። እስክሪብቶውን መልሰው ሲሰጡት አንድ ነገር ለመኑት፦ ተማሪዎቻቸውን በአጥሩ በኩል እንዲያሰናብቱ እንዲፈቅድላቸው።

መርማሪው ራሱ ይዟቸው ወጣ፤ እኔንም ተከተል አለኝ። ተማሪዎቹ ከአጥሩ ማዶ፣ ደበሏቸውን ለብሰው፣ ቁራሽ የሚቀበሉበትን ኮፌዳቸውን አንግተው ቆመዋል። የኔታን ሲያዩ መሬት ሳሙ። ማንም አላለቀሰም። የኔታ ከሽቦው በስተውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ትከሻቸው ይወድቃል ብዬ ነበር፤ አልወደቀም። ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ የሚሰናበትበትን ሙሉ ምርቃት፣ አንዲት ቃል ሳያሳጥሩ፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ መረቋቸው። ማንም እንደ ተበተነ ሆኖ አልሄደም። ፈጽሞ እንደ ወጣ ሰው በሥርዓት ተሸኘ። ዘቡ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። መርማሪው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር። የመጨረሻው ተማሪ ከመታጠፊያው ሲሰወር የኔታ «እንግባ» አሉ፤ ገባን። ያን ቀን በክፍሉ ማንም፣ ሾፌሩ እንኳ፣ የቀለደ አልነበረም። ማታ ብቻ ሾፌሩ መጥቶ የራሱን ጋቢ በየኔታ ትከሻ ላይ ደረበላቸውና ወደ ቦታው ተመለሰ።

የምርመራው ውጤት የመጣው ብዙ ሳምንታት አልፈው ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። መርማሪው አስጠርቶን የየኔታን ቃልና አዲሱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። አዲሱ የሚፈነዳ ነገር እንዳልተገኘበት፣ ለመቁረጫ መሣሪያ የሚሆን የማዕድን ዱቄት እንደሆነ፣ ብናኙ በረጅም ጊዜ ሲተነፈስ ሳንባን እንደሚጎዳ ይላል። «ቃል በቃል ነው» አለ። «‹ጉዳት የለውም› ብለው ቢሆን ኖሮ በላዮቼ ‹ሌላስ ምን ደበቁ?› ብለው ይጠይቁኝ ነበር።» በዚያው ቀን ተለቀቅን። ግቢው ስንደርስ ዳሱ ባዶ ነበር፤ በደጃፉ ሣር በቅሎበታል።

አሁን ወደ ጥናቴ ተመልሻለሁ፤ ሰቆጣ በሄድኩ ቁጥር ከየኔታ ግቢ አድራለሁ። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች እውነት እንዴት ነጻ እንዳወጣን አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ። ለእኔ ግን እንዲያ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከእስር ያስወጣን ከሩቅ የመጣ ወረቀት ነው፤ እውነቱ አስቀድሞ ዳሱን ባዶ አድርጎት ነበር። አሁን ጥቂት አዳዲስ ተማሪዎች መጥተዋል። የድሮዎቹ አልተመለሱም፤ አንዳንዶቹ በሌላ አገር መምህር ሆነዋል ይባላል።

ባለፈው ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ለመጠየቅ ዓመታት የፈጀብኝን ጠየቅኋቸው። «የኔታ፣ ‹ያቺን አንዲት ቃል ትቻት ቢሆን ኖሮ› ይላሉ? አይቆጭዎትም?»

ዝናቡን አዩ። እንደማይቆጫቸው ይነግሩኛል ብዬ ነበር፤ ምናልባትም እንዲያ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

«ይቆጨኛል እንጂ» አሉ። «የእያንዳንዳቸውን ድምፅ አውቀዋለሁ። በትምህርቱ ሰዓት ይመጣብኛል።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ግን ምን ላድርግ፣ ልጄ፤ ተምሬዋለሁ።»